የተረገጠው ሹራብ

ልጅ ሳለሁ ቤታችን ውስጥ እጁን አጣጥፎ የሚቀመጥ ሰው አልነበረም። በጎቹ ገብተው በሩ ሲዘጋና የኩበቱ ጭስ ከጓሳ ሣሩ ክዳን ሥር ሲጠራቀም እናቴ እንዝርቷን ታነሳለች፣ እህቴ አስካለ ከተሸለተው ጠጉር ላይ እሾህና ጭቃውን ትለቅማለች፣ እኔም ከጎኗ ተጎልቼ እንደ አቅሜ እለቅማለሁ። የመንዝ ብርድ ቀልድ አያውቅም። በዚያ አገር ሰው ሲወድሽ ባና፣ የበግ ጠጉር ብርድ ልብስ፣ ይሰጥሻል። ልጅ ሲወለድ ባና፣ ልጅ ሲዳር ባና፣ አሮጊት ስትታመም ባና ነው። ሴቶች ጠጉሩን ይፈትሉታል፣ ሸማኔ ይሠራዋል፣ ከዚያ ቤተሰቡ ተሰብስቦ ሙቅ ውሃ እያፈሰሰ ግማሽ ቀን በእግሩ ይረግጠዋል። ሲረገጥ ክሩ እርስ በርሱ ይያያዝና ቀዳዳው ሁሉ ይደፈናል። ያልተረገጠ ባና ለሰው መስጠት ነውር ነበር።

ተረት የሚነግሩን እማሆይ አጸደ ነበሩ። የአባቴ አክስት ናቸው፤ ባላቸው ሲሞት መንኩሰው ከግቢያችን ጥግ ባለች ጎጆ ይኖሩ ነበር፣ ሲመሽ ግን ከእኛ ምድጃ አይጠፉም። ቁጡ ነበሩ። ወሬያቸውን ያቋረጠ ልጅ ጉልበቱን በእንዝርታቸው ጫፍ ይወጋል፣ እሳቸውም ምንም እንዳልተፈጠረ ካቆሙበት ይቀጥላሉ። ያኔ ኩራዙ ግማሽ ፊታቸውን ብቻ ነበር የሚያሳየን። በጨለማው በኩል ያለው ዓይናቸው ይበልጥ የሚያየኝ ስለሚመስለኝ ከዚያ በኩል መቀመጥ አልወድም ነበር።

በዚያ ዓመት ታኅሣሥን ሙሉ ደጋግመው ያወሩልን ስለ ሁለት እህትማማቾችና ስለ ነፋስ ነበር። ተራራ ጫፍ ላይ የሚኖር አንድ ሽማግሌ አባት ነበራቸው። ታላቂቱ ዳር ዳሩ ያማረ ባና አመጣችለት፤ ነገር ግን ለእግሯ ሳስታ ሳትረግጠው ነው ያመጣችው። ሲመሽ ነፋስ መጣ፣ በቀዳዳው ገባ፣ ሽማግሌው ደረት ላይ ወጥቶ ተቀመጠ። «ልጅህኮ በሩን ከፍታልኝ ነው የሄደችው አለው» ይሉናል እማሆይ፣ ድምፃቸውን እንደ ነፋስ አቅጥነው። ታናሺቱ ግን የራሷን ባና እግሯ እስኪላጥ ረገጠችው። ነፋስ ሽማግሌውን ዞረው፣ ከላይ ሞከረ፣ ከታች ሞከረ፣ መግቢያ ሲያጣ እያጉረመረመ ቁልቁል ወረደ። እኔ ይህን ስሰማ ታናሽ በመሆኔ ብቻ ደረቴ በኩራት ይነፋ ነበር። ስምንት ዓመቴ ነበር። የሰማሁትን ሁሉ እንደ ወንጌል ነው የማምነው።

ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመታት ቢሆኑ ነው። አስካለ መሐል ሜዳ ከተማ ቤት ተከራይታ ዘጠነኛ ክፍል ትማራለች። በየሁለት ሳምንቱ ዓርብ የአራት ሰዓት መንገድ በእግሯ ተጉዛ ትመጣለች፣ እሑድ በሶዋን ተሸክማ ትመለሳለች። ያከራየቻት ሴት ሹራብ መሥራት አስተምራት ነበርና ከተሰበረ ጃንጥላ ሽቦ ሁለት ረጃጅም መርፌ አበጅታ፣ እናቴ የፈተለችውን የጥቁሩን በግ ክር እየወሰደች፣ በሄደችበት ሁሉ ትሠራለች። የምትሠራው የወንድ ሹራብ ነበር፤ ትከሻው ሰፊ፣ ቁመቱ ረጅም።

ለአባታችን ነበር። ይህን ከእሷ ሌላ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ፤ ምክንያቱም የለካሁት እኔ ነኝ። አባዬ ከቤቱ ጀርባ ፀሐይ ሲሞቁ እንቅልፍ ሸለብ ሲያደርጋቸው በክር ትከሻቸውን፣ ጀርባቸውን፣ ክንዳቸውን እየለካሁ እየቋጠርኩ አቀብላታለሁ። ግራ ክንዳቸው በልጅነታቸው ከፈረስ ወድቀው የተሰበረ ነው። ወጌሻው አጣሞ ስላሰረው ከቀኙ አንድ ስንዝር ያህል ያጥራል፣ የማንኛውም ልብሳቸው ግራ እጅጌ ሁልጊዜ ጣታቸው ላይ ይንጠለጠላል። አስካለ እሱን ነው ያሰበችው፤ በዕድሜያቸው አንድ ጊዜ እንኳ እጅጌ ሳይጠቀልሉ የሚለብሱት ልብስ።

አባዬ ግን ሌላ ነገር ነበር ያሰቡት። አንድ ጎረቤት ከገበያ ተመልሶ፣ ልጅህ ከአንድ ተማሪ ጋር ቆማ ስትስቅ አየኋት ብሎ ጆሯቸው ላይ አንጠባጥቦ ነበር። ከዚያ ወዲህ በመርፌዎቹ መሐል የሚያድገውን ሹራብ ባዩ ቁጥር ፊታቸው ይጠቁራል። አንድ ዓርብ ምሽት አልቻሉም።

«ይሄ የወንድ ልብስ ነው። የማን ነው?» አሏት።

«ነገ ማታ ያልቃል፣ ያኔ ያዩታል አባዬ።»

«እኔን ቀጠሮ ትሰጪኛለሽ?» እማሆይ ሳይቀሩ እንዝርታቸውን አቆሙ። «እንግዲያው ስሚ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አንቺን የጠየቁት ሰዎች ሽማግሌ ይልካሉ። ነገ ማታ ይሄን ሹራብና ባለቤቱን ካላወቅኩ እሺ ብያቸው እገላገላለሁ። ትምህርቱም በዚሁ ይበቃል።»

ጎናችንን ስናሳርፍ ለምን አልነገርሻቸውም አልኳት። «ተጠርጥሬማ አልምልም» አለችኝ። «ጨርሼ አለብሳቸዋለሁ፣ ያኔ ያፍራሉ።» አስካለ እንዲህ ናት፤ ኩራቷ ከአባዬ ኩራት ጋር አንድ እናት የወለደችው ይመስላል። ከዚያ በፍሙ ብርሃን ሹራቡን ገልጣ አሳየችኝ። የቀረው የአንገቱ ዙሪያ ብቻ ነበር። እኔም ጣቴን ሰደድኩበት፤ ጣቴ በወዲያ በኩል ወጣ። በሌላ ቦታ ሞከርኩ፣ እዚያም ወጣ። ሹራቡ ከላይ እስከ ታች ቀዳዳ ነበር።

እህቴ አልረገጠችውም። አባዬ ነገ ማታ ይለብሱታል፣ ነፋሱ ይገባል፣ ደረታቸው ላይ ይቀመጣል፤ ልጅህ በሩን ከፍታልኝ ነው ይላቸዋል። እሳቸውም ተናደው አስካለን ይድሯታል። ለእኔ ነገሩ እንዲህ ግልጽ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት አስካለ አንገቱን ጨርሳ ሹራቡን ከመደቡ ራስጌ አስቀመጠችው። አባዬ ገበያ ሄዱ። እናቴና አስካለ ልብስ ሊያጥቡ ወንዝ ወረዱ። እማሆይ ጎጆአቸው ውስጥ ዳዊታቸውን ይደግማሉ። እኔ እሳቱን አቀጣጠልኩ፣ ትልቁን ድስት ጣድኩ፣ ውሃው ሲፈላ ሹራቡን ባና ከሚረገጥበት ገበታ ላይ ዘርግቼ አፈሰስኩበት። ረገጥኩት። እግሬን ሲያቃጥለኝ ጥርሴን ነክሼ ረገጥኩት፣ ገለበጥኩት፣ ደግሜ አፈሰስኩ። የታናሺቱ እግር ተልጦ የለ? የእኔስ ለምን አይላጥ? ክሩ ሲያብጥና ሲያያዝ፣ ቀዳዳው አንድ በአንድ ሲጠፋ ባየሁ ጊዜ ከደስታዬ ብዛት ዘፈንኩ። እንዲያውም ገና ጠበቅ ይበል ብዬ ሦስተኛ ድስት ጨመርኩ።

ጨምቄ ድንጋይ ላይ ሳሰጣው ነው ያየሁት። ሹራቡ የእኔ ልክ ሆኗል። ከእኔም ያንስ ይሆናል። እንደ ቆዳ ጠንክሮ፣ ወፍሮ፣ ተኮማትሯል። ባና ሲረገጥ እንደሚጠብ አውቃለሁ፤ ሸማኔው ያንን አስቦ አስፍቶ እንደሚሠራው ግን ማን ነገረኝ? በአንድ በኩል ድንጋይ አስሬ በሌላ በኩል ጎተትኩት። በጉልበቴ ወጠርኩት። ንቅንቅ አላለም። የእናቴን ድምፅ ከታች መንገዱ ላይ ስሰማ ይዤው ወደ ጓዳ ሮጥኩና ባዶው ጎታ ውስጥ ወረወርኩት።

አስካለ ገብታ መደቡ ላይ አጣችው። አጎዛውን አነሳች፣ ከበሩ ኋላ ፈለገች፣ ደግሞ አጎዛውን አነሳች። «አየሽው?» አለችኝ። «አላየሁም» አልኳት። እግሬ ቀልቶ ይጠዘጥዘኝ ነበር፤ ቀሚሴን ወደ ታች ስቤ ሸፈንኩት። እሷ ግን እግሬን የምታይበት ልብ አልነበራትም። ግቢውን ዞረች፣ እማሆይን ጠየቀች፣ ከእናቴ ጋር ሆና ድርቆሹን ሳይቀር በተነችው። ፀሐይዋ ባዘቀዘቀች ቁጥር ፊቷ ይበልጥ እየነጣ ሄደ፤ እኔም ነገሩ በራሱ የሚያልፍ ይመስል ጓዳ ገብቼ ከጎታው ሥር ተቀመጥኩ።

አባዬ ሲመጡ ዱላቸውን ሳያስቀምጡ ነው የጠየቁት። «የታለ?»

«ጠፋብኝ» አለች አስካለ።

«ጠፋ?» አባዬ ሳቁ፤ ሳቃቸው ደስ አይልም። «እግር አውጥቶ መሐል ሜዳ ወረደ በይኛ! ዛሬ በገበያተኛ እጅ ልከሽለት፣ ጠፋ?»

«ለእርስዎ ነበር አባዬ! በማርያም ይዤዎታለሁ፣ ለእርስዎ ነበር!»

«ትናንት ለምን አልነገርሽኝም?»

ከጭራሮው ግድግዳ ኋላ ሆኜ ሁሉንም እሰማ ነበር። እናቴ፣ «ኧረ የአምላክ ያለህ፣ ልጅቱ አትዋሽም» እያለች ትለምናለች። እማሆይም፣ «አንተ ልጅ፣ ንዴትህን ጥቂት አሳድረው» አሏቸው። አባዬ ማንንም አልሰሙም። «ነገ እሺ እላቸዋለሁ፣ አበቃ» አሉ። አስካለ አላለቀሰችም። ሽቦዎቹን ከመቀነቷ አውጥታ ምድጃው አጠገብ ስታኖር ድምፃቸውን ሰማሁ። ያኔ መውጣት ነበረብኝ። ጉልበቴን አቅፌ ቁጭ አልኩ።

ከዚያ አባዬ ወደ እናቴ ዞሩ። «ትንሿንም በመስከረም ትምህርት ቤት አስገባት ብለሽኝ ነበር። አላስገባትም። አንዷ ያዋረደችኝ ይበቃል።»

ተነሳሁ። ጎታው ውስጥ ተንጠልጥዬ ሹራቡን አወጣሁትና ይዤው ወደ እሳቱ ሄድኩ። አባዬ እግር ላይ ጣልኩት። «እኔ ነኝ» አልኩ። «ነፋስ እንዳይገባብዎ ረገጥኩት።»

አባዬ ጎንበስ ብለው ያን የተኮማተረ ነገር አነሱት። መጀመሪያ ምን እንደሆነ አላወቁትም፤ አገላብጠው አንገቱን አገኙ። «ይሄማ የሕፃን ነው» ብለው ሊወረውሩት ሲሉ እማሆይ፣ «እጅጌውን እየው እስቲ» አሏቸው። አባዬ ኩራዙን አስጠግተው ሁለቱን እጅጌዎች ጎን ለጎን ዘረጉ። ቀኙ ረዘም ያለ ነው፣ ግራው አጭር። ጫፍ ለጫፍ አገጣጠሟቸው፣ ደግመው አገጣጠሟቸው። ከዚያ ያንን አጭሩን እጅጌ የተጣመመ ክንዳቸው ላይ አስቀምጠው ያዩት ጀመር።

አባቴ ሲያለቅሱ አይቼ አላውቅም፤ ያን ዕለትም አላለቀሱም። ወደ እኔ ዞረው፣ «ውሃው የፈላ ነበር?» አሉኝ። አዎ አልኳቸው። «እግርሽን አምጪ።» ቅቤ አስመጡና ራሳቸው ይቀቡኝ ጀመር፤ ግን ሲቀቡኝ የሚያዩት አስካለን ነበር፣ እሷም መሬት መሬት ታያለች። ይቅርታ የሚለውን ቃል ማንም አላለም። በቤታችን ያ ቃል ከቤተ ክርስቲያን ውጭ አይነገርም ነበር። እማሆይ ብቻ እንዝርታቸውን አንስተው፣ «ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ተረት አውቃለሁ ብዬ» አሉ። ከዚያ ወዲህ የነፋሱን ተረት ሲያወሩ ሰምቼ አላውቅም።

በማግስቱ ሽማግሌዎቹ መጥተው ጠላ ጠጡ፣ ጉዳያቸውንም በወጉ ተናገሩ። አባዬ አንገታቸውን ነቅንቀው አዳመጧቸውና፣ «ልጄ ሹራብ ጀምራልኛለች። እሱን ሳልለብስ፣ እሷም የጀመረችውን ትምህርት ሳትጨርስ የምሰጣት ልጅ የለኝም» አሏቸው። ሰዎቹ የቀለዱባቸው መስሏቸው አኩርፈው ሄዱ። አስካለ ግን እሑድ ከሰዓት በሶዋን ተሸክማ ወደ መሐል ሜዳ ወረደች፤ ሽቦዎቹም መቀነቷ ውስጥ ነበሩ።

አሁን እሷ አስተማሪ ናት። ሁለተኛውን ሹራብ አባዬ እስኪሞቱ ለብሰውታል፣ ክርኑ ሲበላ እየጠገነችላቸው። በየዓመቱ ለጥምቀት ለእኔም አንድ ትሠራልኛለች፤ ስትሰጠኝ ልጆቿን ሰብስባ፣ «ይቺ ናት ያኔ ከመዳር ያዳነችኝ፣ በዚያ ዕድሜዋ አባዬን ሳትፈራ ወጥታ» ትላቸዋለች። ልጆቹ በአድናቆት ያዩኛል። እኔም ሹራቡን በራሴ አጥልቄ፣ ፊቴ እስኪወጣ ትንሽ እቆያለሁ።

አልነገርኳትም። እሷ ስትለምን ጓዳ ነበርኩ፣ እናቴ ስትለምንላት ጓዳ ነበርኩ፣ ሽቦዎቹን ምድጃው አጠገብ ስታኖር ድምፃቸውን ሰምቼ አልተነሳሁም። የተነሳሁት የእኔ ትምህርት ሲነሳ ነው።