ለመቅረት የተጋገረ ክሩዋሳን

ልጄ የምትኖረው አዲስ አበባ ነው። እናቷ ካረፈች ወዲህ በየማለዳው እየደወለች "አባዬ፣ ቁርስ ምን በሉ?" ትለኛለች። ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ አይደለም። በወጉ የማልበላ መሆኔን ያወቀች ዕለት ልትወስደኝ ነው። አራተኛ ፎቅ ላይ ክፍል ቀለም አስቀብታ አዘጋጅታልኛለች። መስኮቱ ሰፊ ነው አሉ። ግን አራተኛ ፎቅ ላይ ተቀምጦ ማንን "እንደምን አደርክ" ይሉታል?

አንድ ማለዳ ስትደውል መናኸሪያ አጠገብ ካለችው ካፌ ከሐጂ ጋር ተቀምጬ ክሩዋሳን፣ ያን ቅቤ የበዛበት ገጽ በገጽ የሆነ የፈረንጅ ዳቦ፣ እየበላሁ ነበር። ሐጂ የድሮ የሱቅ ጎረቤቴ ነው፤ እሱ ጨርቅ ሲሸጥ፣ እኔ ስሰፋ፣ እዚሁ ሐዋሳ አብረን አርጅተናል።

"ቁርስ ምን በሉ?"

"ክሩዋሳን።"

"ማን ሠራው?"

አፌ ሙሉ ነበር። "እኔ!" አልኩ።

ሐጂን ሻይ ትን አለው። ልጄ "በምን ሠሩት?" አለች።

"በላክሽልኝ መፍጫ ነዋ!"

የኤሌክትሪክ መፍጫ ልካልኝ እንደነበር እውነት ነው። ሽንኩርት በመክተፍ እንዳልቸገር ብላ ነበር። ከነካርቶኑ አልጋዬ ሥር ተቀምጧል።

"ጥሩ" አለች። "ቅዳሜ መጥቼ እቀምሳለሁ። እውነት ከሆነ እዚያው ይቀራሉ። ካልሆነ ግን፣ አባዬ፣ ሻንጣዎን አዘጋጅተው ይጠብቁኝ።"

ልጄ የወጣችው እናቷን ነው፤ ስትቆጣ ድምጿ ይለሰልሳል።

"አንተ ሰውዬ" አለኝ ሐጂ፣ "ለመሆኑ እንቁላል እንኳ መቀቀል ታውቃለህ?"

"አውቃለሁ። አንዴ ፈነዳብኝ እንጂ።"

ሐጂ ስልኩ ላይ ፈልጎ አንዲት ፈረንጅ ሴትዮ በመፍጫ ክሩዋሳን ስትሠራ አገኘልኝ። ቋንቋዋን ሁለታችንም አናውቅም፤ እጇን እጇን አየን። ቀዝቃዛ ቅቤ ቆራረጠች፤ ከዱቄት፣ ከስኳርና ከእርሾ ጋር መፍጫው ውስጥ ጨመረች። ጥርር አደረገችና አቆመች። ደግማ ጥርር አደረገችና አቆመች። ከዚያ የቅቤው ጓል በጓልነቱ እንዳለ ገልብጣ ወተት አፈሰሰችበት።

"ይቺ ሰነፍ ናት" አለ ሐጂ። "ገና መች ተፈጨና ነው?"

እኔም ታዘብኳት። እኛ ዘንድ ባለሙያ ሴት ሽሮም ሆነ በርበሬ ግርድፍ ሆኖ ከቤቷ ከወጣ ስሟ በክፉ ይነሳል። ባለቤቴ በሕይወት ሳለች ወፍጮ ቤት ቆማ ዱቄቱን በጣቶቿ ፈተግ ፈተግ አድርጋ ካላየች አትቀበልም ነበር። ስለዚህ ፈረንጇን እኛ አረምናት።

ሐሙስ ዕለት ከገበያ በኮባ የተጠቀለለ ለጋ ቅቤ ገዝቼ መጣሁ። ፍሪጅ ውስጥ አቀዘቀዝኩት፣ ቆራረጥኩት፣ መፍጫውን አስነሳሁ። እንደ ፊት ቅባት እስኪለሰልስ ድረስ አላቆምኩም። ሐጂ "አሁን ገና ተፈጨ!" እያለ ያደንቃል። ዳመጥኩት፤ እንደ ኮት ኮሌታ አሳምሬ በሦስት ማዕዘን ቆረጥኩት፤ ጠቀለልኩት፤ ምድጃ ውስጥ ከተትኩት። መልኩ ጨረቃ ሆኖ ወጣ። ሐጂ ነከስ አደረገውና ጥርሱን በምላሱ እየዳሰሰ "ወላሂ፣ ይህን ለበር ማስደገፊያ አድርገው" አለኝ።

ጓሮ ጣልኩት። ከሐይቁ ተነስቶ ሰፈራችንን የሚዞረው ያ መላጣ ወፍ፣ አባ ኮዳ፣ የአሣ አጥንት እንደ ሩዝ የሚውጠው፣ አንዱን ለቀመና ጣሪያዬ ላይ ወጣ። ሊውጠው ሞከረ። አቃተው። ቆርቆሮው ላይ ጣለው፤ ቋ! አነሳው፤ ደግሞ ቋ! በመጨረሻ እኔን በንቀት አየኝና እዚያው ትቶት በረረ።

እኛ ግን አልተማርንም። ጥፋቱን በዱቄቱ ላይ ጣልንና ዱቄት ቀየርን። ቅዳሜ በማለዳ ሁሉን ጨምሬ መፍጫውን ስጫነው ጥርር አለ፣ አንዴ ደግሞ ጥርር አለ፣ ቀጥ አለ። መብራት ጠፋ።

ክዳኑን ከፈትኩ። ቅቤው ጓል ጓል እንዳለ ነው፤ ልክ እንደዚያች ሰነፍ።

"አለቀልህ" አለ ሐጂ። "ሻንጣህን ላውርድልህ?"

ሌላ ቅቤ የለኝ፤ ልጄ መንገድ ጀምራለች። ምን አማራጭ አለኝ? ወተት አፍስሼ በእጄ ሰበሰብኩትና በጠርሙስ ዳመጥኩት። ፈረንጇ ስታደርግ እንዳየሁት፣ እንደ ሱሪ ጨርቅ አጠፍኩት፤ ቅዝቃዜው ያልለቀቀው ፍሪጅ ውስጥ አሳረፍኩት፤ አውጥቼ ደግሞ ዳመጥኩና አጠፍኩት። ቅቤው በሊጡ ውስጥ እንደ ዳመና ተዘርግቶ ይታያል። ጠቅልዬ ጨርቅ አለበስኩትና ኩፍ እስኪል ጠበቅሁ።

መብራት አልመጣም። ምድጃው በኤሌክትሪክ ነው። ሐጂ ከሰል አቀጣጠለ፤ እኔ ክሩዋሳኑን ብረት ድስት ውስጥ ደረደርኩና እንደ ድፎ ዳቦ ከታችም ከላይም እሳት አደረግንበት። የእኔም ነገር እንደዚያው ነበር፤ ከወዲህ ከሰሉ ያቃጥለኛል፣ ከወዲያ ልጄ ደውላ "ሻሸመኔ ደርሻለሁ" ትለኛለች።

ስትገባ ሰላምታውን አሳጥራ ቀጥ ብላ ወደ ጓዳ ሄደች። መፍጫው ዱቄት ለብሷል፤ ደግ ነው። የድስቱን ክዳን ከፈተች። በአንድ ጎናቸው ጠቆር ያሉ ነበሩ፤ ግን አብጠዋል፣ ቅርፊታቸው ገጽ በገጽ ሆኗል፤ ለካ ያቺ ሰነፍ ያልናት ፈረንጅ ልክ ነበረች። አንዱን አንስታ ገመጠችው። ፍርፋሪው ጥቁር ቀሚሷ ላይ ረገፈ። ደግማ ገመጠች።

በዚያች ቅጽበት ጣሪያው ላይ ቋ! አለ።

"ምንድነው?"

"ወፍ ነው" አልኩ።

"ምንም አይደል፣ ልጄ" አለ ሐጂ፣ "እሱ ሞኝ ነው፤ አሁንም ይሞክራል።"

ቋ! አለና ተንከባሎ ደጃፉ ላይ ወደቀ። ልጄ ሄዳ አነሳችው። በአንድ እጇ የሐሙሱን፣ በሌላው የቅዳሜውን ይዛ አስተያየቻቸው። መልካቸው አንድ ነው፤ መንታ። የሐሙሱን በበሩ መቃን ላይ አንኳኳችው።

"አባዬ፣ ከዚህ በፊት ሠርተው ያውቃሉ?"

ሐጂ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል።

"አላውቅም" አልኩ።

"ታዲያ ይህ ሁሉ ልፋት ለምን?"

"ለመቅረት ነዋ፣ ልጄ።"

ዱካ ላይ ቁጭ አለች። መጀመሪያ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ፤ አለቀሰች ብዬ ደነገጥኩ። ሳቅ ኖሯል። እኔን፣ በከሰል የጠቆረውን የሐጂን አፍንጫ፣ ደግሞ እጇ ላይ ያለውን ድንጋይ እያየች እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ከዚያ ለባሏ ደወለችና "ክፍሉን ልጆቹ ይግቡበት፤ አባዬ አይመጣም" አለችው። የተረፉትን ለልጆቹ ጠቅልላ ያዘች፤ የሐሙሱን ጭምር። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኋትም።

ሰኞ ማለዳ እንደ ልማዴ ካፌዬ ተቀመጥኩ። እውነቱን ለመናገር የካፌው ይሻላል። ስልኬ ጮኸ።

"አባዬ፣ ቁርስ ምን በሉ?"

"ክሩዋሳን።"

"ጎሽ" አለች። ማን እንደሠራው ግን አልጠየቀችኝም።