ጋሽ ደንባራ
ሰፈሩ «ጋሽ ደንባራ» ይላቸዋል። ቃሉ ለሰው የተሠራ አልነበረም፤ ኮሽ ባለ ቁጥር ደንብራ ጭነቷን ለምትጥል በቅሎ ነው። ባለቤቷ ይገርፋታል እንጂ ምን እንዳስደነበራት የሚጠይቃት የለም። እሳቸውንም ማን ጠየቃቸው? የሰፈር ልጆች ጭራሽ ከኋላቸው ጣሳ ይደበድባሉ። በደንባራ በቅሎ ቃጭል ተጨምሮ!

ዕድሜያቸውን የፈጁት ቆርቆሮ ቀጥቅጦ የድስት ክዳን በሚያወጣ ማሽን ፊት ነው። ማሽኑ ጣት አይምርም። ስለዚህ የሠራተኛው ሁለት የእጅ አንጓ ከማሽኑ ጋር በተያያዘ ጠፍር ይታሰራል፤ ብረቱ ዱብ ሊል ሲል ጠፍሩ እጁን ወደ ኋላ ይመነጭቀዋል። ጣቶቻቸው ሙሉ ናቸው፣ ተመስገን! ግን ቤትም ገብተው በር ሲላተም፣ ማንኪያ ሲወድቅ፣ እጆቻቸው የያዙትን ጥለው ይሸሻሉ። ሚስታቸው በሕይወት ሳሉ «ብርጭቆው ይሰበር፣ አንተ ኑርልኝ» እያሉ ይስቁ ነበር። አሁን ስባሪውን ብቻቸውን ይለቅማሉ። የሚያናግራቸው ሬዲዮ ብቻ ነው፤ ብቸኝነቱ አንገብግቧቸዋል።

አንድ ቅዳሜ ሴት ልጃቸው አራስ ልጇን ታቅፋ ከሩቅ መጣች።

«እንካ አባዬ፣ የልጅ ልጅህን ታቀፈው።»

እጃቸውን ዘረጉ። ይሄኔ ነፋስ በሩን ድው አደረገው፤ እጆቻቸው ወደ ኋላ ሸሹ። ልጅቷ ሕፃኑን ደረቷ ላይ ለጠፈችው፤ ፊቷ ጠቆረ።

«እኔንም አቅፈኸኝ አታውቅም። እሱንም ተጸየፍከው? በቃ፣ ሁለተኛ ደጅህን አልረግጥም!»

ቦርሳዋን አነሣች። አይ የሰው ነገር! ፋብሪካውን አይታው አታውቅ፣ ዕቃ የሚጥሉት በግድየለሽነት ይመስላት ነበር፤ እሳቸውም ወንድ ልጅ ፈራሁ አይልም ብለው ዕድሜ ልካቸውን ዝም። አሁን ግን ከሄደች መቼም እንደማትመለስ ገባቸው።

«ተጸይፌ አይደለም ልጄ» አሉ። «እንዳልጥለው ነው። አንቺንም እንዳልጥልሽ ፈርቼ ነው። ማሽኑ ሽሽት ያስለመደው እጅ አልታዘዝ አለኝ።»

ልጅቷ ቦርሳዋን እንደያዘች ቆመች። «ታዲያ ምን ይሻላል?»

«እሰሪው። እኔ ላይ እሰሪው።»

የአንገት ልብሷን ፈታች። ሕፃኑን ከደረታቸው ጋር አጥብቃ አሰረችው። በሩ እንደገና ድው አለ። እጆቻቸው ሸሹ። ሕፃኑ ግን እዚያው ደረታቸው ላይ እንቅልፉን ይለጥጣል።

ልጅቷ እንባዋን እየጠረገች በሩን ልትዘጋ ተነሣች።

«ተይው» አሏት። «ይላተም።»