የመደመጥ ዋስ

ሸዋረግ በአርባ አንድ ዓመቷ እንደገና ተማሪ ልትሆን ነው የሚለው ወሬ ከቢሮዋ እስከ ሰፈሯ ያለውን መንገድ ከእርሷ ፈጥኖ ጨረሰው። የምትማረው ምን እንደሆነ ግን ወሬው ራሱ በቅጡ አላወቀም። «ማኅበራዊ ሥራ» ሲባል አንዱ የጽዋ ማኅበር የምታደራጅ መሰለው፤ ሌላው የማኅበራዊ ፍርድ ቤት ዳኛ ሆና ልትመጣ ነው ብሎ ከወዲሁ ሰላምታውን አሳመረ። ጎረቤቷ እትዬ ተሾመች ብቻ ነገሩን ከሥሩ ያዙት።

«እስከ ዛሬ የምትሠሪው ታዲያ ምን ነበር?»

ሸዋረግ በመንዝ፣ በመሐል ሜዳ ከተማ፣ በወረዳው ጽሕፈት ቤት፣ ከበሩ ሦስተኛው ጠረጴዛ ላይ አሥራ ሁለት ዓመት ተቀምጣለች። ጧሪ ያጡ ሽማግሌዎች፣ ባል ጥለው የወጡ ሴቶች፣ እናትና አባታቸው ተፋተው መሐል የቀሩ ልጆች ወደዚያ ጠረጴዛ ይመጣሉ። የሚመጡት ደብዳቤ ፍለጋ ነው፤ የሚመለሱት ደብዳቤና ምክር ይዘው ነው። ደብዳቤው አንዳንዴ ይዘገያል። ምክሩ ዘግይቶ አያውቅም።

ይህ አመል የአባቷ ነው። አባቷ ቀየት በሚባለው አካባቢ የታወቁ አስታራቂ ነበሩ፤ የእርሻ ድንበር የገፋና የተገፋ በፊታቸው ሲቆም፣ ገና ነገሩ ሳይጋመስ መፍትሔው በዓይናቸው ላይ ይታይ ነበር ይባላል። ሸዋረግ ከአባቷ መሬት አልወረሰችም፤ የወረሰችው ነገርን ግማሽ ሰምቶ ሙሉውን የመጨረስ ችሎታን ነው።

ለሁለተኛ ዲግሪው ሁለት ዓመት አመልክታ ሁለቱንም ጊዜ ሳትመረጥ ቀርታለች። በሦስተኛው ዓመት «ተቀብለንዎታል» የሚል ደብዳቤ ደረሳት። ትምህርቱ በደብረ ብርሃን፣ በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜና እሁድ ነው። ምዝገባው ግን አንድ ቀን ብቻ፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ፣ ለአዲስ ተማሪዎች ከሚሰጠው ገለጻ ጋር አብሮ ይካሄዳል፤ በዚያ ቀን ያልተመዘገበ ቦታው ለተጠባባቂ ይተላለፋል። ከደብዳቤው ጋር በቴሌግራም አሥራ አንድ ገጽ ተላከላት፤ «ለአዲስ የትርፍ ጊዜ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች የዝግጅት መመሪያ» ይላል። እስከ ስድስተኛው ገጽ ድረስ ሸዋረግ ሁሉም ገብቷት ነበር። ሰባተኛው ገጽ እንዲህ ይላል፦

«ተማሪው ከምዝገባ በፊት ከአንድ ፈቃደኛ ሰው ጋር የአንድ ሰዓት ውይይት ያደርጋል። በውይይቱ ምክር መስጠት፣ መፍረድና ማስታረቅ ፈጽሞ የተከለከለ ነው። የሚፈቀደው የተናጋሪውን ቃል አንጸባርቆ መመለስና ክፍት ጥያቄ መጠየቅ ብቻ ነው። በተናጋሪው የተፈረመ የፈቃደኝነት ቅጽ ያላቀረበ አይመዘገብም።»

ባሏን ሰውነትን ጠየቀችው። ሰውነት ልብስ ሰፊ ነው፤ መለኪያ ሜትሩን ከአንገቱ የሚያወርደው ለእንቅልፍና ለቤተ ክርስቲያን ብቻ ነው።

«አንጸባርቆ መመለስ ምን ማለት ይመስልሃል?»

«መስታወት መሆን ነዋ። አንቺ ግን አትችይም። መስታወት አይመክርም።»

«እስቲ ፈትነኝ።»

ሰውነት አሰበና «ወገቤን አሞኛል» አላት።

«ወገብህን አሞሃል።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ የለም። ዝም ነው።»

ሰውነት ዝም ብሎ ጠበቀ። ሸዋረግም ጠበቀች። «የስፌት መኪናው ላይ ጎብጠህ ስለምትውል ነው፤ ስንት ጊዜ ነገርኩህ» አለች።

«ወደቅሽ» አላት ሰውነት፣ ሜትሩን እያስተካከለ።

ማክሰኞ ከሥራ በኋላ ወደ እትዬ ተሾመች ግቢ ገባች። እትዬ ተሾመች ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ለባና ብርድ ልብስ የሚሆን የበግ ፀጉር ይፈትሉ ነበር።

«እትዬ፣ አንድ ሰዓት ያህል ያጫውቱኝ። የፈለጉትን። እኔ አልናገርም።»

እትዬ ተሾመች ቀና ብለው አዩዋት። «አሞሻል?»

«ደኅና ነኝ። ለትምህርቴ ነው።»

እትዬ ተሾመች ጉዳዩ ባይገባቸውም ዕድሉን አልናቁትም፤ ሸዋረግ ዝም ያለችበት ሰዓት በየዓመቱ አይመጣም። ስለ ቁሩ ጀምረው፣ በገብሱ በኩል አልፈው፣ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ እኅታቸው ይመኙሻል ዘንድ ደረሱ። ወይዘሮ ይመኙሻል የሚኖሩት ወደ ደብረ ብርሃን በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ሞላሌ ነው። ሁለቱ ከእናታቸው ተዝካር ወዲህ፣ ይኸው ስድስት ዓመት፣ አይነጋገሩም።

«ሰው በተቀመጠበት ‹ቀጠነች› ብላ ጠላዬን አዋረደችው» አሉ እትዬ ተሾመች። «እኔ አልሰማሁም፤ የሰሙ ናቸው የነገሩኝ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም።»

ምክሩ ጉሮሮዋ ድረስ መጣ፤ ዋጠችውና መመሪያው እንዳዘዘው ቃሉን መለሰች። «ሰው በተቀመጠበት ‹ቀጠነች› ብላ ጠላዎን አዋረደችው።»

እንዝርቱ ቆመ። «አዎን።»

«እርስዎ አልሰሙም፤ የሰሙ ናቸው የነገሩዎት።»

እትዬ ተሾመች እንዝርቱን አስቀመጡ።

«የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም።»

በዚህ ጊዜ እትዬ ተሾመች ተነሡ፤ ነጠላቸውን አስተካክለው ከመደቡ ላይ፣ እንደ ባለጉዳይ፣ ቀጥ ብለው ተቀመጡ። መመሪያውን ያዘጋጁት ሰዎች መንዝን አያውቁም። በዚህ አገር የሰውን አቤቱታ ቃል በቃል ለባለቤቱ የሚመልስ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እርሱም ነገሩን የያዘ ሽማግሌ ነው። «ያልሽው ይህ ነው?» ይላል፤ «ይኸው ነው» ትላለች ባለጉዳይዋ፤ ከዚያ በኋላ ነገሩ ተከፈተ ማለት ነው።

«ለካስ እሷ ልካሽ ኖሯል» አሉ እትዬ ተሾመች።

«ማንም አልላከኝም፣ እትዬ። የትምህርት ቤት ሥራ ነው።»

«ሽማግሌ መቼ ተልኬ መጣሁ ብሎ ይጀምራል? አባትሽም የመጡበትን የሚናገሩት ሊሄዱ ሲሉ ነበር።»

ሸዋረግ ግራ ገባት። ማስረዳት ምክር ይሆን? መመሪያው ስለዚህ አይናገርም። ቅጹን አውጥታ አነበበችላቸው። እትዬ ተሾመች በጥሞና ሰምተው «ማለፊያ ነው» አሉ። «ዋሱ የት ጋ ነው የሚፈርመው?»

«ዋስ የለውም።»

«እንግዲያው እኔም የለሁበትም። ቃሌን ነው የሰጠሁሽ፤ ቃል ያለ ዋስ ወረቀት ላይ አይወጣም።»

«ሰውነትን ልጥራልዎት?»

«የነገሩ ባለቤት በሕይወት እያለች? ይመኙሻል ትፈርም፤ እኔም ከሥሯ አሻራዬን አኖራለሁ።»

«በስልክ ይስማሙና...»

«በስልክ ዋስ አይጠራም።»

ረቡዕ ሸዋረግ ሌላ ተናጋሪ ልትፈልግ ወጣች። ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር የምትኖረው ምሥራቅ ገና ቁጭ ከማለቷ፣ «የእትዬ ተሾመችን ነገር ይዘሽ የለም እንዴ?» አለቻት። «የእሳቸውን ሳትጨርሺ የእኔን ብትጀምሪ ሰው ምን ይለናል?» ወሬው አሁንም ቀድሟታል።

በዚያ ቀን ሸዋረግ ሰባተኛውን ገጽ አምስት ጊዜ አነበበች። ባነበበች ቁጥር ያው ነው፦ አለማስታረቋን የሚመሰክረውን ፊርማ ለማግኘት ሁለት የተኳረፉ እኅቶችን ፊት ለፊት ማቆም አለባት። ግራ ቢገባት በመመሪያው መጨረሻ ላይ ወደተጻፈው ስልክ ደወለች። የፕሮግራሙ አስተባባሪ አቶ ምንተስኖት አነሡ፤ ድምፃቸው እየመጣ እየሄደ ነው።

«ዋናው ነገር፣ ወይዘሮ ሸዋረግ፣ ድንበርዎን ይጠብቁ።»

«የምን ድንበር?»

«በእርስዎና በባለጉዳይዋ መካከል ያለውን» አሉ፤ ኔትወርኩም ተቋረጠ። አባቷ ዕድሜያቸውን የፈጁት ድንበር በማካለል ነበር። ያ ድንበር ግን ድንጋይ ነበረው፤ ይኸኛው በየት በኩል እንደሚያልፍ ሸዋረግ ማየት አልቻለችም።

ዓርብ ሞላሌ ደወለች። ወይዘሮ ይመኙሻል ነገሩን ሰምተው ሲያበቁ፣ «ወረቀቱ ምን ይላል?» አሉ።

«እትዬ ተሾመች ያወሩት በፈቃዳቸው እንደሆነ ይላል።»

«ተሾመች ያለ ፈቃዷ አውርታ ታውቃለች?» አሉ። ከዚያም ዝግ ባለ ድምፅ «እሷም ትመጣለች?» ብለው ጠየቁ።

«ይመጣሉ።»

«መኪናው ስንት ሰዓት ያልፋል?»

ቅዳሜ ማለዳ በአሥራ ሁለት ሰዓት ሚኒባሱ ከመሐል ሜዳ ተነሣ። የጥቅምት ቁር በመስኮቱ ቀዳዳ ይገባል። ሸዋረግ ቅጹንና ከቢሮ የተዋሰችውን የማኅተም ቀለም ጭኗ ላይ አስቀምጣለች፤ እትዬ ተሾመች ደግሞ ባለ አምስት ሊትር ጀሪካን ታቅፈዋል።

«ምንድን ነው የያዙት፣ እትዬ?»

«ማስረጃ።»

ሞላሌ ሲደርሱ ሾፌሩ ዕቃ እስኪጫን አሥር ደቂቃ እንደሚቆም ተናገረ። ወይዘሮ ይመኙሻል ጋቢያቸውን ተከናንበው መንገዱ ዳር ቆመዋል። እኅትማማቾቹ ሁለት ክንድ ያህል ተራርቀው ቆሙ። ሰላምታ የለም። ሁለቱም ሸዋረግን አዩ።

የአባቷ ንግግር እንዳለ፣ ከመግቢያው እስከ ምርቃቱ፣ ምላሷ ላይ ተሰለፈ። ሰባተኛው ገጽ ደግሞ በሌላ በኩል ቆሟል። ብትናገር ምዝገባው ቀረ፤ ዝም ብትል ፊርማው ቀረ። የቀራት የተፈቀደላት ብቻ ነው።

«እትዬ ተሾመች እንደነገሩኝ፣ በተዝካሩ ዕለት እርስዎ ‹ቀጠነች› ብለዋል።»

«ብያለሁ» አሉ ወይዘሮ ይመኙሻል።

«ይኸው፣ በገዛ አንደበቷ» አሉ እትዬ ተሾመች፣ ጀሪካኑን መሬት እያስቀመጡ።

ሽማግሌ ቢሆን እዚህ ላይ ካሣውን ይቆርጥ ነበር። ሸዋረግ ሌላ የምትለው ስላጣች ብቻ፣ «ምን ቀጠነች?» ብላ ጠየቀች።

«እንዴት ምን ቀጠነች? እሷ ናታ» አሉ ወይዘሮ ይመኙሻል። «እናታችንን ስታስታምም አልቃ፣ ነጠላው ከትከሻዋ እየተንሸራተተ ነበር። አጠገቤ ለተቀመጠችው ‹እኅቴን አየሽልኝ፣ ቀጠነች› አልኩ። ሌላ ምን ልበል?»

እትዬ ተሾመች ወደ ጀሪካኑ አዩ። «ጠላዬን አይደለም?»

«ጠላውን ብል ‹ቀጠነ› እል ነበር።»

ይህ በሰዋስው ዘንድ ትክክል ነው። ነገር ግን በዚያ አገር ሰው የሚወደውንም የሚያቃልለውንም ነገር በሴት አንቀጽ ይጠራል፤ ስለዚህ የሰሙትም ያልሰሙትም ስድስት ዓመት ሙሉ አልተሳሳቱም ማለት ይቻላል። ሸዋረግ ነገሩ በዚህ እንዲያበቃ በልቧ ተሳለች።

«ደግሞ እውነት እንነጋገር ከተባለ» ሲሉ ቀጠሉ ወይዘሮ ይመኙሻል፣ «ጠላውም ቀጥኖ ነበር።»

ሸዋረግ ዓይኗን ጨፈነች።

«ገብሱን ውርጭ የመታው ዓመት አልነበረም እንዴ?» አሉ እትዬ ተሾመች። ድምፃቸው ሸዋረግ እንደፈራችው አልሆነም። ጎንበስ ብለው የጀሪካኑን ክዳን ከፈቱ። «ኩባያ አምጪ፣ ሸዋዬ። ትቅመስና ትናገር።»

ኩባያው ከሾፌሩ ተገኘ። ወይዘሮ ይመኙሻል ቀመሱ፤ አጣጣሙ፤ አልቸኮሉም። «ይኸኛው ወፍራም ነው» አሉ፤ ኩባያውንም ሳይመልሱ ለሁለተኛ ጊዜ ዘረጉ።

ሾፌሩ ክላክስ ነፋ። ቅጹ በሚኒባሱ አፍንጫ ላይ ተዘረጋ፤ ዋሷ ፈረሙ፣ ባለቃሏ ከሥራቸው አሻራቸውን አኖሩ፤ ከኩባያውም አንድ ጠብታ ጠላ በሁለቱ መካከል አረፈ። ሸዋረግ አንድ ነገር ልትል ዞረች።

«በይ ሂጂ፣ መኪናው ያመልጥሻል» አሉ እትዬ ተሾመች። «ከዚህ ወዲያ ያለው አንቺን አይመለከትም። እኔ ማታ በመመለሻው እመጣለሁ።» መኪናው ሲንቀሳቀስ ሁለቱ ስለዚያ ዓመት ጌሾ መከራከር ጀምረው ነበር።

ደብረ ብርሃን አዳራሹ ውስጥ አርባ ያህል አዲስ ተማሪዎች ተሰልፈዋል። አቶ ምንተስኖት የሸዋረግን ቅጽ ተቀብለው አዩት፤ መነጽራቸውን አውልቀው እንደገና አዩት።

«ይህ ላይኛው ፊርማ የማን ነው?»

«የዋሳቸው ነው።»

«የምን ዋስ?»

ሸዋረግ አሰበች። «የመደመጥ» አለች።

አቶ ምንተስኖት ወረቀቱን ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት። «ምክር ሰጥተዋል?»

«አልሰጠሁም።»

«ፈርደዋል?»

«አልፈረድኩም።»

«አስታርቀዋል?»

ሐሰት መናገር አልፈለገችም፤ እውነቱን ደግሞ አላወቀችውም። «አንድ ጥያቄ ብቻ ነው የጠየቅኩት። ስድስት ዓመት አይነጋገሩም ነበር፤ ጥያቸው ስመጣ ግን ይጨቃጨቃሉ።»

አቶ ምንተስኖት ሰባተኛውን ገጽ ገልጠው ብዙ አዩት። እንዲህ ላለው ነገር የተዘጋጀ ቦታ አልነበረውም። በመጨረሻ ስሟን መዝገቡ ላይ በሠላሳ ስምንተኛ ተራ ጻፉ፤ ‹ማስታወሻ› በሚለው ረድፍ የጥያቄ ምልክት አደረጉና «ይግቡ» አሏት።

ገብታ ተቀመጠች። መምህሩ የማኅበራዊ ሠራተኛ ሥራ ምን እንደሆነ የሚነግራቸው ተማሪ ሲጠይቁ፣ አሥራ ሁለት ዓመት የሠራችበት እጅ ግማሽ ድረስ ተነሥቶ ወረደ። ከዚያ አንድ ቅጽ ታደለ፤ «የመስክ ልምምድ የሚያደርጉበት ቦታ» ይላል። ባዶውን አስቀመጠችው። ለዕረፍት ሲወጡ ስልኳ ጠራ፤ እትዬ ተሾመች ናቸው።

«ሸዋዬ፣ ነገ ስትመለሺ ሞላሌ ውረጂ። ይመኙሻል ከባሏ ወንድም ጋር ነገር አላት።»

«እትዬ፣ እኔ እኮ ሽማግሌ አይደለሁም።»

«ማን ሽማግሌ አለሽ? ዝም ብለሽ እንድትሰሚያት ነው። ዋስ አዘጋጅታለች።»

ሸዋረግ ወደ ቦታዋ ተመለሰችና ባዶው ቅጽ ላይ ‹ሞላሌ› ብላ ጻፈች። ሰረዘችው። ጥቂት ቆየችና እንደገና ጻፈችው፤ ከጎኑም፣ የትኛው ቢሮ እንደሆነ ለሚጠይቃት ሰው ይበቃ እንደሆነ ሳታውቅ፣ «መኪናው የሚቆምበት» የሚል ጨመረችበት።