ነስሩ የለካው ትኩሳት

አዲስ ስልክ ሳይ ካሜራውንም ስክሪኑንም ትቼ መጀመሪያ የምመለከተው አናቱን ነው። የምስር ፍሬ የምታክል ጥቁር ነጠብጣብ ካለችበት ኢንፍራሬድ አለው ማለት ነው፤ መልሼ አስቀምጠዋለሁ። ባለሱቆቹ "ይሄ እኮ ሪሞትም ይሆናል" እያሉ ሊያግባቡኝ ይሞክራሉ። ዋጋው የከበደኝ ይመስላቸዋል። እነሱ ምን ያውቃሉ።

ልጅ እያለሁ እኛ ሰፈር እንዲህ ያለ ስልክ የነበረው ታላቅ ወንድሜ ነስሩ ብቻ ነበር። አባዬ ከስልጤ መጥቶ ጅግጅጋ የከተመ ጨርቅ ነጋዴ ነው፤ ነስሩ ትምህርቱን ጨርሶ ሱቅ ያግዘው ነበር። ስልኩ የመጣው ከድንበሯ ከተማ ከቶጎ ውጫሌ ነው። ያኔ ከዚያ ያልመጣ ነገር ምን ነበር? ሩዙም፣ ዘይቱም፣ የምንተኛበት ብርድ ልብስም ከዚያው ነው።

ነስሩ ስልኩን ያስመረቀው ሻይ ቤት ውስጥ ነው። ኳስ እየታየ፣ ፍጹም ቅጣት ምት ሊመታ ሰው ሁሉ ትንፋሹን ውጦ ባለበት ሰዓት፣ ስልኩን ከጠረጴዛው ሥር አነጣጥሮ ቻናሉን ወደ ምግብ ዝግጅት ቀየረው። የሻይ ቤቱ ባለቤት ዲሹ የተነካ መስሎት እየሮጠ ጣሪያ ላይ ወጣ። የጅግጅጋ ነፋስ መቼም የታወቀ ነው፤ ሰውዬው በአንድ እጁ ዲሹን፣ በአንድ እጁ ሽርጡን ይዞ ሲታገል ነስሩ ኳሱን መለሰው። "እዚያው ቁም! እንዳትነቃነቅ!" ብለው ጮኹበት። ጨዋታው እስኪያልቅ ጣሪያ ላይ ቀረ። ነስሩ ይህን ሲያወራልን አባዬ ሊቆጣ ይጀምርና በሳቅ ያቋርጠው ነበር።

ከዚያ በኋላ ሪሞት የጠፋበት ሁሉ የሚጠራው ነስሩን ሆነ። ከሁሉም በላይ ጎረቤታችን ኢዶ ሆዳን። ኢዶ በሶማሊኛ አክስት ማለት ነው፤ በሥጋ ባትዛመደንም ሁላችንም እንዲያ ነበር የምንጠራት። ልጆቿ ሪሞቷን ሰብረውባት ስለነበር ማታ ማታ በአጥሩ ላይ "ነስሩ አቦዌ፣ ወንድሜ! መብራትህን ይዘህ ና!" ትለው ነበር። መብራት የምትለው ነስሩ ያሳየንን ነገር ነው። ስልኩን ወደ ሌላ ስልክ ካሜራ አዙሮ ሲጫነው፣ በዓይናችን ምንም የማናይባት ያቺ ጥቁር ነጠብጣብ በካሜራው ውስጥ ሐምራዊ ሆና ብልጭ ድርግም ትላለች። "እናንተ ባታዩትም ብርሃኑ አለ" ይለን ነበር። አመንነው። ወንድሜ ሌላው ሰው የማያየው ብርሃን በኪሱ ይዞ የሚዞር ይመስለኝ ነበር፤ በዚያም እኮራ ነበር።

ኮሮና ሲመጣ ለእኛ ለልጆቹ በሽታው ማለት ያቺ ሽጉጥ የምትመስል ነጭ የሙቀት መለኪያ ነበረች። ባንክ በር ላይ ግንባር ላይ ትደቀናለች፤ ካራማራ ኬላ ላይ ትደቀናለች። ከሐረር የሚመጡ ተሳፋሪዎች ኬላው ሳይደርሱ በሃይላንድ ውሃ ግንባራቸውን ያርሱ ነበር አሉ፤ ፀሐይ ያጋለው ግንባር በሽተኛ ያስብላላ! ያቺ ሽጉጥ የምትሠራው በኢንፍራሬድ መሆኑን ነስሩ ከጓደኛው ሰማ። ከዚያ ማን ያስቆመው። "የኔም ስልክ እኮ አለው" አለ። ጓደኛው አንድ አፕ ላከለት። የስልኩን አናት ወደ ግንባር ሲያዞሩት ስክሪኑ ላይ ቀይ መስመር ሽቅብ ቁልቁል ይላል፣ ቁጥር ይሯሯጣል፣ ከዚያ "ቲን" ብሎ በአረንጓዴ "ኖርማል" ይላል። ቁጥሩ ከሰው ሰው ትንሽ ይለያያል፤ ያሳመነንም ይኸው ነው።

ሰፈሩ ለመለካት ግቢያችን በር ላይ መሰለፍ ጀመረ። አንድም ሰው ታሞ አልተገኘም፤ እኛም ተመስገን አልን እንጂ አልጠረጠርንም። ኢዶ ሆዳን ግን ነገር ትወዳለች። የሻይ ፔርሙሷን ክዳን ከፍታ "እስቲ ይሄን ለካ" አለችው። እንፋሎቱ እየተትጎለጎለ ስልኩ "ቲን" አለ፤ አረንጓዴ። "ወላሂ ሻይ ደህና ናት! ኮሮና የላትም!" ብላ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ሁላችንም ተንከተከትን። ነስሩ ብቻ ፊቱ ቀላ። "ለሰው ነው የተሠራው እንጂ ለሻይ አይደለም" አለ። መልሱ ያን ጊዜ በቂ መሰለን።

ክረምቱ ሲገባ አባዬ ማሳል ጀመረ፤ ወገቡን እየቆረጠመው አልጋ ያዘ። ያን ሰሞን ሰው የሚፈራው በሽታውን ብቻ አልነበረም። በአምቡላንስ የሄደ ሰው ቢሞት ዘመድ አያጥበውም፣ የማያውቁት ሰዎች በፕላስቲክ ጠቅልለው ይቀብሩታል ይባል ነበር። አባዬ ከሞቱ ይልቅ የፈራው ይህን ነው። "የማያውቀኝ ሰው እንዳይቀብረኝ" እያለ እማዬን ይለምናት ነበር። በመጨረሻ ስልኩ እንዲወስን ተስማሙ፤ ቀይ ካሳየ ሆስፒታል ሊሄድ፣ አረንጓዴ ካሳየ ቤት ሊቆይ።

እማዬ ድሮ ትኩሳታችንን የምታውቀው በመዳፏ ነበር። አሁን ግን አባዬ "ይጋባብሻል" ብሎ እንዳትነካው ከልክሏታል። ስለዚህ ነስሩ ጠዋትና ማታ አፍንጫውን ሸፍኖ ይገባል፣ እጁን ዘርግቶ ይለካል፤ እኛ ደግሞ ኮሪደሩ ላይ ቆመን "ቲን" እስኪል እንጠብቃለን። ሁልጊዜ አረንጓዴ። ነስሩ ወጥቶ "ደህና ነው" ሲለን እፎይ ብለን ወደ ቁርሳችን ወይ ወደ እራታችን እንሄድ ነበር።

አንድ ቀን እማዬ ሾርባ ይዛ ገብታ ብርድ ልብሱን ስታስተካክል እጇ እግሩን ነካው። ደንግጣ ነስሩን ጠራችው። "አባትህ እየነደደ ነው" አለችው። ለካው። አረንጓዴ። አባዬ በዚያ አቅሙ ፈገግ ለማለት ሞከረ፤ "እጅሽ በርዶ ነው ዘይነባ" አላት። እማዬ እጇን ገልብጣ አየችው፣ በቀሚሷ ጠረገችውና ወጣች። ዛሬም ሳስበው የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። አራት ልጅ ያሳደገችበትን እጅ ተጠራጠረች።

ትንፋሽ ሲያጥረው ግን ማንንም አልሰማችም። አባዬ በእጁ "ተዪኝ" እያላት፣ ነስሩ "እማዬ፣ አሁን ለካሁት እኮ፣ ደህና ነው" እያላት፣ በግድ ባጃጅ አስጠራች። አብሮት የሄደው ነስሩ ነው። ነስሩ ብቻውን ተመለሰ። አባዬ የፈራው ሁሉ ደረሰበት፤ ነጭ የለበሱ ሰዎች ቀበሩት፤ እኛ ራቅ ብላችሁ ቁሙ ተብለን ቆምን። ነፋሱ አቧራውን እያነሳ ፊታችን ላይ ሲበትነው የት ጋ እንዳስገቡት እንኳ በቅጡ አላየሁም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እማዬ አንድ ነገር ያዘች። "ደህና ሰው ወስጄ አስገደልኩት። ስልኩ ደህና ነው እያለኝ፣ እሱ ተዪኝ እያለኝ!" ትላለች። ሊያጽናኗት የመጡ ሁሉ የአላህ ውሳኔ ነው ቢሏት፣ ቀኑ ደርሶ ነው ቢሏት አልሰማ አለች።

አሁን የጤና ኮሌጅ ተማሪ ነኝ። የስልክ ኢንፍራሬድ አፍ አለው፣ ጆሮ የለውም። ለቴሌቪዥን ትእዛዝ ይልካል እንጂ ከሰው ገላ የሚወጣውን ሙቀት የሚቀበልበት ነገር የለውም። ያ አፕ ቁጥሩን ከራሱ ነበር የሚፈጥረው። ይህን ያወቅሁ ዕለት ነስሩ ወደሚሠራበት ወደ ሸደር የስደተኞች ጣቢያ ሄድኩ። የእርዳታ እህል መጋዘን ውስጥ ጫኝና አውራጅ ነው። ነገሩን ፈራ ተባ እያልኩ ስጀምርለት አቋረጠኝ።

"አውቃለሁ" አለኝ። "ያን ቀን ሆስፒታሉ በር ላይ አባዬን ሲለኩት መለኪያዋ ጮኸች። ጠዋት እኮ ደህና ነበር ብዬ ስልኬን አሳየኋት፣ ነርሷን። አልተቆጣችኝም። 'ወንድሜ፣ ይሄ እኮ መጫወቻ ነው፤ ምነው ቀደም ብላችሁ ባመጣችሁት' አለችኝ።"

ይህን ሁሉ ዓመት ብቻውን ይዞት ኖሯል። እማዬን ከጥፋቷ ነፃ ለማውጣት ራሱን ማስያዝ ነበረበት፤ አቃተው። እኔም አልፈርድበትም።

ባለፈው ዒድ ግን አልቻለም። ምሳ በልተን እንደተቀመጥን እማዬ እንደ ልማዷ "ባልወስደው ኖሮ ዛሬ አብሮን ይበላ ነበር" አለች። ነስሩ ከወንበሩ ወርዶ እግሯ ሥር ተንበረከከ። "እማዬ፣ ስልኩ አይለካም ነበር። አባዬ ሲነድ ነው የሰነበተው። ልክ የነበርሽው አንቺ ነሽ። ያዘገየሁት እኔ ነኝ" አላት።

የምታለቅስ መስሎኝ ነበር። የምትረግመውም መስሎኝ ነበር። እሷ ግን አፉን በእጇ ያዘችው። "ዝም በል። አባትህ አምኖህ ነው የሞተው። ልጄ የለካውን ማንም ውሸት አይልብኝም፣ አንተም ብትሆን። የወሰድኩት እኔ ነኝ።" ነስሩ እጇን አስለቅቆ "እኔ ነኝ" አለ። "እኔ ነኝ" አለችው። ድምፃቸው ከፍ እያለ ሄደ፤ ኢዶ ሆዳን ምን ሆናችሁ ብላ በር እስክታንኳኳ ድረስ።

ልጅ እያለሁ እማዬና ነስሩ የሚጣሉት በቴሌቪዥን ነበር፤ እሷ ድራማዬን ስትል፣ እሱ ኳሴን ሲል፣ አባዬ መሐል ገብቶ እያሳቀ ያስታርቃቸው ነበር። አሁን የሚጣሉት አባዬን ማን ገደለው በሚለው ነው። እሷም እኔ ነኝ ትላለች፣ እሱም እኔ ነኝ ይላል። የሚያስታርቃቸው የለም።