ለዕድላዊት ሦስት ምስክር

ሰበታ ላይ የአለሙ ወፍጮ ቤት የት ነው ብትሉ የማያሳያችሁ የለም። ሰውየው ቁጡ ነው። ያልተለቀመ ጤፍ ይዞ የመጣ ሰው ካገኘ ከነማዳበሪያው ወደ ቤቱ ይመልሰዋል። ሚዛኑ ግን ቀጥ ያለ ነው፤ በዚያ ማንም አይጠረጥረውም። በዕድሜው አንድ ትልቅ ውሸት ብቻ ዋሽቷል። እሷንም ከፍቅር ነው የዋሻት፤ እስከ ዛሬ የምታንገበግበውም እሷው ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1990 መስከረም ማለቂያ ላይ፣ ገና አዲስ አበባ ተክለሃይማኖት ሰፈር ሳሉ፣ ልጁ ትጊ በአሥራ ሰባት ዓመቷ ሴት ልጅ ወለደች። አባትየው ማን እንደሆነ እሷ አልተናገረችም፣ አለሙም አልጠየቀም። ሕፃኗ ክርስትና ሳትነሳ ዕቃውን በአይሱዙ ጭኖ ሰበታ ገባ፤ የሚያውቀን በሌለበት እንኖራለን ብሎ። ቀበሌ ሄዶም አስመዘገበ፦ ዕድላዊት አለሙ፣ አባት አለሙ፣ እናት እልፍነሽ። እልፍነሽ ሚስቱ ናት፤ ነፍስ ይማር። ያኔ አርባ አምስት ዓመቷ ነበር። «በስተርጅና እግዜር ሰጠን» በይ አላት፣ አለች። ትጊም የልጇ እህት ሆና ቀረች።

ልጅቷ ዱቄት ስታቦን፣ ከረጢት ላይ ስትተኛ አደገች። «አባዬ» ስትለው አንጀቱ ቅቤ ይጠጣል። እየቆየ ነገሩን ራሱም አመነው። ትጊ ግን በዚያ ቤት ብዙ አልቆየችም። ቤይሩት ሄደች፤ ከዓመታት በኋላ በጋብቻ ካናዳ ገባች። እልፍነሽ ደግሞ በ2005 ታማ ሞተች፤ አለሙና ዕድላዊት ሁለቱ ቀሩ።

በ2008 ግንቦት ላይ ትጊ ደወለች።

«አባዬ፣ የልጄን ፕሮሰስ ልጀምር ነው። ስፖንሰሯ እኔ ነኝ። እዚህ ስትገባ ቋሚ ነዋሪ ትሆናለች፣ ትማራለች።»

«የማንን?» አለ አለሙ። እያወቀ እኮ ነው።

«የልጄን» አለች። አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ያን ቃል ከአፏ ሰምቶ አያውቅም ነበር።

ትጊ ረጋ ብላ አስረዳችው። ማመልከቻው ዕድላዊት አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሳይሞላት መግባት አለበት፤ የሚሞላት መስከረም ሠላሳ ነው። ቀኑ ካለፈ ልጅ ተብላ በእናቷ ስም መግባት አትችልም። ከማመልከቻው ጋር ደግሞ እናቷ ትጊ መሆኗን የሚገልጽ የልደት ሰርተፍኬት ይያያዛል። ቀበሌ ያለው መዝገብ ግን እህትማማች ናቸው ይላል። «አንተ ሄደህ ካላስተካከልከው እኔ ከዚህ ሆኜ ምን አደርጋለሁ?» አለችው። አለሙ እሺ አለ።

በማግስቱ ሄደ፤ ይህን አንክድበትም። ሮዳስ የምትባለው የመዝገብ ቤት ሠራተኛ መዝገቡን ገልጣ አየችና፣ «ቀላል ነው አባባ። ልጅቷ የእርስዎ ሳትሆን የልጅዎ ልጅ መሆኗን የሚያውቁ ሦስት የሰፈር ሰዎች ያምጡ። እነሱም እርስዎም ይፈርማሉ» አለችው።

ቀላል ነው አለችው። አለሙ ወደ ቤቱ ሲመለስ ያሰላስላል። ሦስት ሰው ከየት ያመጣል? የዕድሩ ዳኛ ኦቦ ነገሳ ዘንድ ሄዶ «አሥራ ስምንት ዓመት ዋሽቼሃለሁ፣ ና መስክርልኝ» ሊለው ነው? ይህ አንድ። ሌላው የባሰው ነው። አለሙ የሚለው ስም ከልጅቷ ላይ የሚፋቅ መሰለው። ይፋቃል ያለው ሰው ግን አልነበረም፤ እሱም አልጠየቀም። እስቲ አንዲት ጥያቄ ብትጠየቅ ምን ነበረበት?

ከዚያ ነገ ዛሬ ማለት መጣ። ትጊ ስትደውል «የሚፈርመው ሰውዬ ስብሰባ ነው» ይላታል። በሚቀጥለው «መንገድ ተዘግቷል» ይላል፤ በሌላው ኔትወርክ የለም። ምክንያት ለፈለገ ሰው ጥሩ ዓመት ነበር። በአዲስ አበባው ማስተር ፕላን ላይ ተቃውሞ ከተነሳ ወዲህ ሰበታ አንድ ቀን ሰላም ብትውል በማግስቱ ሱቁ ይዘጋል፣ ሚኒባሱ ይጠፋል፣ የጎረቤት ልጅ ታሰረ ይባላል። ትጊም ዜናውን ስለምትሰማ ታምነዋለች። አብዛኛውን ቀን ግን መንገዱ ክፍት ነበር፣ ሮዳስም ወንበሯ ላይ ነበረች።

ለዕድላዊት «እህትሽ ልትወስድሽ ነው» ብቻ ነው የተነገራት። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ተሰርቆ የተራዘመበት ዓመት ነው፤ ልጅቷ ፈተናዋን ከጨረሰች በኋላም እንግሊዝኛዋን አልተወችም። ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ተቀምጣ ታነባለች። አንዳንዴ ቀና ብላ «አባዬ፣ ወረቀቱ እንዴት ሆነ?» ትለዋለች። «ይደርሳል» ይላትና ሞተሩን ያስነሳል። ሞተር ሲነሳ ወሬ አይሰማም።

መስቀል ዋለ። ትጊ በስልክ አለቀሰች፤ «አባዬ፣ ሁለት ሳምንት እንኳ አልቀረም» አለችው። ከዚያ መስከረም ሃያ ሁለት ቢሾፍቱ ላይ በእሬቻ በዓል ያ ሁሉ ሰው አለቀ፣ ሰፈሩ ሁሉ ለቅሶ ተቀመጠ። ማክሰኞ ጠዋት፣ ሊሞላት ስድስት ቀን ሲቀራት፣ አለሙ ኮቱን ለብሶ ኦቦ ነገሳ ቤት ገባ።

«አካም ቡልተ፣ አለሙ። ማል ታቴ? ምን ሆነሃል፣ ያልብሃል እኮ» አለ ነገሳ።

አለሙ መሬት መሬት እያየ ተናገረው። ሲጨርስ ነገሳ ሚስቱን ገለቴን ተመለከታት።

«አቶ አለሙ» አለች ገለቴ ቀስ ብላ፣ «ትጊ እኮ ሕፃኗን እዚህ ቤት እያመጣች ነበር የምታጠባት። እናንተ ቤት ሰው እንዳያይባችሁ ጡጦ ትይዛለች፣ እኔ ጓዳ ገብታ ጡቷን ትሰጣታለች። እልፍነሽም ታውቃለች። የዕድሩ ሴቶች በሙሉ ያውቃሉ።»

«ለምን ዝም አላችሁኝ?»

«አንተ ዝም ስላልክ ነዋ» አለ ነገሳ። «ልጅቷን ወደሃታል፣ አሳድገሃታል፤ እኛ ምን አገባን? ለምስክርነትማ ግንቦት ላይ ብትጠራንም እንመጣ ነበር።»

ግንቦት የሚለው ቃል አለሙን እዚያው ሰበረው።

ባልና ሚስቱ ነጠላቸውን አጣፍተው ተነሱ። ሦስተኛውን ምስክር ከመንገድ አገኙ፤ ሀሰኖ፣ ባለ ሱቁ። እሱም «ይኼ ደግሞ ምኑ ይጠየቃል» ብሎ ሱቁን ቆለፈ። አስፋልቱ ጋ ሲደርሱ ግን መንገዱ በድንጋይ ታጥሯል፣ በፋብሪካዎቹ በኩል ጥቁር ጭስ ይወጣል፣ ጥይት ይሰማል። ከወዲያ የሚሮጡ ልጆች «አባባ፣ ተመለሱ» አሏቸው። አለሙ አልመለስም ብሎ ሲራመድ ነገሳ ክንዱን ይዞ ጎተተው። ያን ሳምንት ቀበሌው አልተከፈተም። ቅዳሜ አስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ሰኞ ዕድላዊት አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሞላት፤ አለሙ ኬክ ገዛላት፣ እሱ ግን አልቀመሰውም።

ጥቅምት ላይ ቀበሌው ተከፈተ። አራቱም ሄደው ፈረሙ። ሮዳስ አባት ከሚለው ላይ አለሙን፣ እናት ከሚለው ላይ እልፍነሽን ሰርዛ፣ በእናት ቦታ የትጊን ሙሉ ስም ትዕግሥት አለሙ ብላ ጻፈች።

«የልጅቷ ስምስ ምን ይሆናል?» አላት።

«ምን ይሆናል አባባ? ዕድላዊት አለሙ ነዋ። አባት ካልተጻፈ በአያቷ ስም ትጠራለች፤ እንደነበረ ይቆያል።» ጠቅላላ ሥራው ግማሽ ሰዓት አልፈጀም።

ማታ ትጊ ደወለች። ጠበቃዋን ጠይቃ ነበር፤ ቀኑ አልፏል፣ የሚቻል ነገር የለም ተብላለች። አለሙ ስለ መንገዱ፣ ስለ ጭሱ ነገራት፤ ስለ ግንቦት አልነገራትም። «አይዞህ አባዬ» አለችው እያለቀሰች፣ «ያንተ ጥፋት አይደለም፣ ያገሩ ነው።» አለሙም «ደህና እደሪ» ብሏት ስልኩን ዘጋ።

በማግስቱ ጠዋት ግን አላስችል አለው። ሞተሩን ሳያስነሳ ዕድላዊትን ከጎኑ አስቀመጣትና ወረቀቱን ሰጣት። «እኔ አባትሽ አይደለሁም። አያትሽ ነኝ» አላት። «ይኼን ወረቀት ደግሞ ግንቦት ላይ ላወጣልሽ እችል ነበር። ፈራሁ።»

ወረቀቱን አጣጥፋ መለሰችለት።

«አውቃለሁ እኮ። እማዬ እልፍነሽ ልትሞት ስትል ነግራኛለች። እሱ እስኪነግርሽ ጠብቂው፣ እንዳታሳፍሪው አለችኝ። ግንቦት ላይ ትጊ ስትደውል አሁን ሊነግረኝ ነው ብዬ ነበር። ክረምቱን ሙሉ ስጠብቅህ ነበር፣ አባዬ።»

አለሙ አንገቱን ደፋ። ደጅ ሰው ተሰልፏል። ዕድላዊት ቀሚሷን አራግፋ ተነሳች፣ በሩን ከፈተችና «ጤፍ የያዘ ይግባ» አለች።