ግድግዳው ላይ የቀረው ዘር

ከጓሮዬ ቲማቲም ስቀጥፍ እጄ ላይ የሚቀረው የቅጠሉ ሽታ ወደ ጋይንት፣ ወደ ጃንሆይ ዘመን ይመልሰኛል። የአያቴ እህት እማሆይ፣ መንገደኛ የሰጣቸውን የቲማቲም ዘር ከጎመናቸው አጠገብ ዘሩ። በአገሩ የሚያውቀው አልነበረምና ፍሬው ሲቀላ እናቴ ደነገጠች።

«ይሄማ እምቧይ ነው! ይተዉ እማሆይ፣ ይገድልዎታል!»

«እኔ እንደሆነ አርጅቻለሁ፤ ልቅመሰው» ብለው ገመጡት። ሁላችንም አፍ አፋቸውን አየን።

«ጨው አምጡልኝ» አሉ።

ዘሩን ከአመድ ጋር ለውሰው፣ ለከርሞ እንዲሆን በጣታቸው ግድግዳው ላይ ለጠፉት። ለከርሞ እሳቸው አልደረሱም። የመዝሪያው ጊዜ ሲደርስ እናቴ ዘሩን ልትፍቅ ቢላዋ ይዛ ሄደች፤ የጣታቸውን ምልክት እያየች ቆማ ቆማ፣ ሳትነካው ተመለሰች።

የእኔ ቲማቲም ዘሩ የሱቅ ነው። ወደ ጓሮ የምወጣው ግን ጨው ይዤ ነው።