ከጎማ ዛፍ ትምህርት በኋላ የደረሰኝ መርዶ

የእናቴን መሞት የግቢያችን ሐበሻ በሙሉ ከእኔ ቀድሞ ሰምቷል። የጂኦግራፊ ፈተናዬን እስክጨርስ ግን መርዶውን ደበቁኝ።

ዓደን፣ መንሱራ ሰፈር ውስጥ አንድ ግቢ ተጋርተን ነበር የምንኖረው። ጠዋት ልብስ ስፌት ቤት እየሠራሁ፣ ከሰዓት በኋላ ለአዋቂ ሴቶች የተከፈተ ትምህርት ቤት እማር ነበር። አሠሪዬ ከሥራ ቀድሜ እንድወጣ የምትፈቅድልኝ እስከዚያ ዓመት ብቻ እንደሆነ ነግራኛለች። ያን ፈተና ከወደቅሁ ሸሃዳው፣ ያ ስመኘው የኖርኩት ምስክር ወረቀት፣ ቀረ ማለት ነው።

በፈተናው ዋዜማ፣ ዓደን ተወልደው ያረጁት ጎረቤታችን አጠገቤ መጥተው ተቀመጡ። ሁላችንም እትዬ ነው የምንላቸው። ከዚያ በፊት ስለ ትምህርቴ ጠይቀውኝ አያውቁም።

«እስቲ ንገሪኝ፣ ይሄ የጎማ ዛፍ የምትይው ምንድን ነው የሚፈልገው?»

«ዓመቱን ሙሉ ሙቀት፣ እትዬ።»

«ሙቀትማ ሞልቶናል! እዚሁ ተክለን እንክበራ።»

«ዝናብም ይፈልጋል።»

«አይ፣ እንግዲያው ቀረብን።»

አብራኝ የምትኖረው ጓደኛዬ ከመጠን በላይ ሳቀችና ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ወጣች። ጥርሷን ያማት ስለነበር እሱ የተነሣባት መሰለኝ።

ነገር ተድበስብሶ ሲቀር አልወድም፤ ቀጠልኩ። ዝናቡ መብዛቱ ብቻ እንደማይበቃ፣ በየወሩ መዳረስ እንዳለበት፣ አፈሩ ጥልቅ ሆኖ ውሃ የማይቋጥር መሆን እንደሚገባው፣ ኃይለኛ ነፋስም ግንዱን እንደሚሰብረው ነገርኳቸው። ረጅም በጋ ባለበት አገር ያለው ደን ሌላ ዓይነት ነው፤ ዛፎቹ ድርቁን የሚያልፉት ቅጠላቸውን አራግፈው ነው አልኩ።

«ቅጠሉን ጥሎ አይሞትም?»

«አይሞትም።»

«ተመስገን» አሉና ጉልበቴን መታ መታ አደረጉኝ።

በማግስቱ ስለ ዛፉ ተጠየቅሁ። አንድም ሳላስቀር ጻፍኩ።

ከፈተናው በኋላ ባለው ንጋት በራችን ተንኳኳ። ሴቶቹ ተሰብስበው ቆመዋል። የሁሉም ነጠላ የሐዘን አለባበስ ነው፣ ጥለቱ ወደ አንገት ዞሯል። ያን ሳይ የቀረውን መናገር አላስፈለጋቸውም።

«እናቴ ናት?»

«እናትሽ ናት፣ ልጄ» አሉ እትዬ።

«መቼ?»

«ባለፈው ሳምንት።»

ደረቴን ስደቃ ሊይዙኝ እጃቸውን አዘጋጅተዋል። እኔ ግን ምንም አልመጣልኝም። የበሩን መቀርቀሪያ ይዤ ቆምኩ።

«አልሰማችም እንዴ?» አለች አንዷ።

«ሰምታለች፤ ትምህርቱ አድርቋት ነው» አለች ሌላዋ።

«ዝም በይ አንቺ!» አሏት እትዬ።

«እያወቁ ነው ስለ ዛፉ የጠየቁኝ?» አልኳቸው።

«ምን ላድርግ? አንቺ ዝም ብትዪ እኔ ልጮህ ነበር።»

ይህን ብለው ያፈኑትን ጩኸት ለቀቁት። እናቴን አንድ ቀን እንኳ አላዩዋትም፤ ያለቀሱላት ግን እሳቸው ናቸው። እኔ ፍራሽ ላይ ተቀምጬ፣ ለሚገባው ሁሉ ወገቤን ከፍ እያደረግሁ «እግዜር ይስጥልኝ» እል ነበር።

ውጤቱ የወጣው አርባዋ ሳይደርስ ነው። ጓደኛዬ ወረቀቱን አይታ «እል—» ብላ ጀመረችና አፏን በመዳፏ ከደነች። የሐዘን ቤት መሆኑ ትዝ አላት።

«ጨርሺው» አልኳት።

አልጨረሰችም።